እግረኛው እንዴት ጥፋተኛ ሆነ?

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ መሪ የጨበጠ ሁሉ የመንገዱን ግራ ለቆ ወደ ቀኝ ተሻገረ። እስከ ዋዜማው ድረስ አገሪቱ፣ ኬንያ ዛሬም እንደምታደርገው፣ ግራዋን ይዛ ነበር የምትነዳው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ስታደርግ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ፣ መኪኖቹ ቆመው ጎን ተለዋወጡ፤ በስቶክሆልም ጎዳና በዚያን ዕለት የተነሣው ፎቶግራፍ እስካሁን ይታተማል። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ የስዊድን ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥበት ተጠይቆ ከመቶ 83ቱ አይሆንም ብሎ ነበር። መንግሥት ጥቂት ጠብቆ የራሱን አደረገ። የእኛን ሰኔ 1 ግን የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይገኝም።

ቀኑን ያነሣሁት ለትዝታ አይደለም። ትናንት ትክክል የነበረው ጎን በአንድ ማለዳ ጥፋት የሚሆን ከሆነ፣ ስለ መንገድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥረን የተቀበልነው ሌላው ሁሉም አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ሰዎች ተከራክረው የወሰኑት መሆን አለበት። የእግረኛውን እንውሰድ። ተማሪ ሳለን «ግራህን ይዘህ ተጓዝ» ተብለናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው ቀኙን ስለሚይዝ ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያየዋል። ከሰኔ 1 በፊት ያንኑ ምክር የተከተለ ሰው ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ግራና ቀኝ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ጥያቄ መንገድ ላይ ማን ለማን ይቁም፣ ሰው ሲሞትስ ጥፋቱ በማን ይቆጠር የሚለው ነው። በዚህ ላይ የዓለም መልስ ከአንድ ጊዜ በላይ ተገለባብጧል፤ የኢትዮጵያ መልስ ደግሞ፣ በወረቀት ላይ ያለው ማለቴ ነው፣ ብዙዎቻችን ከምንገምተው የተለየ ነው።

ባለሞተር ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ብቅ ሲል ሕግ መጀመሪያ የወገነው ለእግረኛው ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1865 ያወጣው ሕግ በእንፋሎት የሚሄደው ተሽከርካሪ ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ ከተማ ውስጥ ከ2 ማይል በላይ እንዳይሄድ ከለከለ። በኪሎ ሜትር ሲመነዘር ስድስት ከምናምንና ሦስት ከምናምን ነው፤ ሸክም የያዘች ሴት ትቀድመዋለች። ይህም አልበቃ ብሎ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው 55 ሜትር ያህል ቀድሞት በእግሩ እንዲሄድ ታዘዘ። ከሕጉ ጀርባ የባቡርና የፈረስ ሠረገላ ባለሀብቶች ጥቅም ነበረበት ይባላል፤ ይኖርበታልም። ቢሆንም በውስጡ ያለው አስተሳሰብ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ አዲስ የመጣው፣ ከባዱና አደገኛው እሱ ነውና ራሱ ይጠንቀቅ፣ ነባሩ እንደ ነበረ ይኑር።

በነገራችን ላይ የትራፊክ መብራት ዕድሜው ከቤንዚን መኪና ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ወደ ፓርላማ ሲገቡ ሠረገላ እንዳይገጫቸው ተብሎ፣ ጆን ፒክ ናይት የሚባል የባቡር መሐንዲስ በጋዝ የሚበራ ቀይና አረንጓዴ መብራት ዌስትሚንስተር ደጃፍ አቆመ። ሳምንታት ሳይቆይ ጋዙ አፈትልኮ ፈነዳና መብራቱን የሚያዞረውን ፖሊስ አቆሰለው። ሐሳቡ ተመልሶ ነፍስ እስኪዘራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1914 በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ተተከለ።

የቀይ ባንዲራው ዘመን ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። አዲሱ ሕግ የፍጥነት ጣሪያውን ወደ 14 ማይል፣ ማለትም ወደ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አደረገው። ሕጉ በጸደቀ በሦስተኛው ቀን ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል ሴት ለንደን ክሪስታል ፓላስ ግቢ ውስጥ ልጇን አስከትላ ስትሄድ ለማስተዋወቂያ ይነዳ የነበረ መኪና ገጭቶ ገደላት። በብሪታንያ በቤንዚን መኪና ተገጭቶ በመሞት የመጀመሪያዋ እግረኛ ተብላ የተመዘገበችው እሷ ናት። ሹፌሩ በሰዓት 4 ማይል ነበር የምሄደው አለ፤ ያዩት ሰዎች ደግሞ እንደሚጋልብ ፈረስ ይከንፍ ነበር አሉ። ሸንጎው ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ዘጋው፤ የተከሰሰ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሟቾች የሚሰጠው ፍርድ በአንድ አረፍተ ነገር እዚያ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

ታሪኩ ዋናውን እጥፋት የታጠፈው ግን አሜሪካ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

እስከ 1910ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ከተማ ጎዳና እንደ መርካቶ ሁሉ ይደረግበት ነበር። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሻጭ ጋሪውን ያቆምበታል፣ ባቡሩ በመሐል ያልፋል፣ እግረኛውም ባሻው በኩል ይሻገራል። ማንም ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም። መኪና በብዛት ሲገባ ሰው መሞት ጀመረ፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በአሜሪካ መንገዶች ላይ አለቀ። ብዙዎቹ እግረኞች ነበሩ፤ ከነሱም ውስጥ ልጆች ይበዙ ነበር። የሕዝቡ ስሜት ቁጣ ነበር። ከተሞች ለሞቱ ልጆች ሐውልት አቆሙ፣ እናቶችን ያሰለፈ ሰልፍ ወጣ፣ ጋዜጦች መኪናን እንደ ጭራቅ ሥለው አወጡት። ዳኞችም ቢሆኑ እግረኛው በመንገዱ ላይ ነባር መብት አለው ከሚለው አልወጡም።

እ.ኤ.አ. በ1923 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ 42 ሺህ ሰው ፈርሞ አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። በከተማዋ የሚነዳ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የሚያግድ መሣሪያ ይገጠምለት የሚል ነው። የፍጥነት መገደቢያ ማለት ነው፤ ዛሬ በአገራችን ለአንዳንድ ተሽከርካሪዎች ግዴታ እየተደረገ ያለውን መሣሪያ በሐሳብ አንድ መቶ ዓመት የቀደመ። የመኪና ነጋዴዎች ደነገጡ። ፈጣን ያልሆነ መኪና ማን ይገዛል? ገንዘብ አዋጥተው ከተማዋን በቅስቀሳ አጥለቀለቋት፤ ሐሳቡም በሰፊ ልዩነት ወደቀ። ነጋዴዎቹ ከድሉ ይልቅ ከድንጋጤው ተማሩ። መኪናው ሳይሆን መንገዱ ላይ የሚገኘው ሰው ሥርዓት እንዲይዝ ማድረግ እንዳለባቸው ገባቸው።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሥራ፣ በክፉም ቢሆን፣ ማድነቅ ያስፈልጋል። የመኪና አምራቾች ማኅበር ለጋዜጦች ነፃ የዜና አገልግሎት ከፈተ፤ ዘጋቢው የአደጋውን ፍሬ ነገር ይልካል፣ ማኅበሩ ዜናውን ጽፎ ይመልስለታል። በዜናው ውስጥ ጥፋቱ ቀስ በቀስ ከሹፌሩ ወደ ሟቹ ተሸጋገረ። ትምህርት ቤቶች መንገድ የመኪና ነው፣ ልጅ ቦታው ሜዳ ነው እያሉ ማስተማር ጀመሩ። ባልተፈቀደ ቦታ የሚሻገር ሰው ከተሜነት ያልገባው ባላገር ተደርጎ ይሣቅበት ጀመር፤ ኀፍረት የሚያስተካክለውን ያህል ቅጣት እንደማያስተካክለው አውቀዋል። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1925 እግረኛው በተሠመረለት ቦታ ብቻ እንዲሻገር የሚያዝ ደንብ አወጣች። በ1928 እ.ኤ.አ. የዚያ ደንብ መንፈስ በንግድ ሚኒስቴሩ ስም ለአገሪቱ ከተሞች ሁሉ አርአያ ሆኖ ቀረበ። አሥራ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመንገዱ ባለቤት እንግዳ፣ እንግዳው ባለቤት ሆነ።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። የተሠመረ ማቋረጫ ክፉ ነገር አይደለም። መኪና በበዛበት ከተማ እግረኛውም ሹፌሩም አንዱ ሌላውን የት እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት፤ ዜብራ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፍጥነቱ ሳይነካ እግረኛው ብቻ መስመር እንዲይዝ መደረጉ ነው።

ብሪታንያ ተመሳሳዩን ስህተት በሕግ ሞከረችው። እ.ኤ.አ. በ1930 ጨዋ ሰው ራሱ ይጠነቀቃል በሚል እምነት ለመኪና የነበረውን የፍጥነት ጣሪያ ጨርሳ አነሣችው። በ1934 እ.ኤ.አ. የሟቾች ቁጥር 7,343 ደረሰ፤ ያኔ በአገሪቱ የነበረው ተሽከርካሪ ሁለት ሚሊዮን ተኩል አይሞላም። ደንግጣ ተመለሰች። ከተማ ውስጥ በሰዓት 30 ማይል ጣሪያ፣ ለአዲስ ሹፌር የመንጃ ፈቃድ ፈተና፣ ለእግረኛ ማቋረጫ ምልክት የሚሆን ብርቱካን ቀለም ያለው ፋኖስ መጡ። ጥቁርና ነጩ ዜብራ በሕግ የጸናው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አቀረበው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለአዲስ ነገር ካላቸው ፍቅር የተነሣ ፈጥነው ተሳፈሩበት። ለአሥርት ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የውጭ ሰው ነገር ሆኖ ቀረ። አገሩን የሚያገናኘው አስፋልት የመጣው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው፤ ጣርማ በርን የበሳው ዋሻ ምስክር ነው። መንገዱ የተቀየሰው ለወታደርና ለስንቅ እንጂ በላዩ ለሚኖረው ሰው አልነበረም። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ባበደረው ገንዘብ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹን ጠገነ፣ አዳዲስም ጨመረ። ዓላማው አሁንም ተሽከርካሪን ማሳለፍ ነበር።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ የተፈጸመው በተለየ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እግረኛው ከመንገዱ የተባረረው ተከራክሮ ተሸንፎ ነው። እኛ ጋ ክርክሩ ራሱ አልነበረም። አስፋልቱ ሲመጣ ሕጉን ይዞ መጣ፤ ሕጉ ሲመጣም ሰዉ ሁሉ መኪና ያለው ይመስል ተጽፎ መጣ። ገበሬው አህያውን እየነዳ፣ ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ ሴቲቱ እንስራዋን አዝላ የሚሄዱበት ሌላ መንገድ አልተሠራላቸውም። አዲሱ አስፋልት የድሮው የእግር መንገዳቸው ላይ ነው የተነጠፈው።

ያም ሆኖ የኢትዮጵያ ሕግ አንድ ቦታ ላይ ለእግረኛው የወገነ አንቀጽ አለው፤ ከሕግ ባለሙያዎች ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለሞተር ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። መኪናውን የነዳው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም፤ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ፣ ወይም ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ካሳየ ነው። የማስረዳት ሸክሙ ያለው በባለመኪናው ትከሻ ላይ ነው፣ አስፋልት ላይ በወደቀው ሰው ላይ አይደለም።

ይህ አንቀጽ የትውልድ ሐረግ አለው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። በአገራቸው እ.ኤ.አ. በ1925 ቤልፎር ከተማ ውስጥ አንዲት ልጅ በጭነት መኪና ተገጭታ ክፉኛ ተጎድታ ነበር፤ ጉዳዩ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ በ1930 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎት መኪናውን በእጁ ያደረገው ሰው ጥፋት ባይገኝበትም ኃላፊ ነው ብሎ ወሰነ። የዣንደር ውሳኔ ተብሎ በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይጠናል። ዳቪድ የተማሩትና ያስተማሩት በዚያ የሕግ ዓለም ነው። ፈረንሳይ ራሷ ለእግረኛው ከዚህ የበለጠ ጥበቃ የሚሰጥ ልዩ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የእኛ አንቀጽ ሲወጣ በአገሪቱ የነበረው መኪና ጥቂት ስለነበር ማንም አልተከራከረበትም ብዬ እገምታለሁ። ዛሬ ቢረቀቅ እንዲህ በዝምታ ማለፉን እጠራጠራለሁ።

በተግባር ግን አንቀጹ ለአርባ ምናምን ዓመት እጁ የታሰረ ነበር። ባለቤቱ ኃላፊ ቢባልም ገንዘብ ከሌለው የሟች ቤተሰብ ምን ያገኛል? ለሦስተኛ ወገን የሚሆን የመድን ሽፋን ለተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ላቆሰለውም ሰው ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ፤ ተጎጂው ሆስፒታል ሲደርስ ማንነቱና ገንዘቡ ሳይጠየቅ እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ማግኘት እንዳለበትም በ2005ቱ አዋጅ ተጽፏል። ብሩ በዛሬ ዋጋ የትም አያደርስም፤ መብቱ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። አደጋ ሲደርስ አብዛኛው ቤተሰብ ወደ ችሎት ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። የሹፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ሽምግልናው ቂምን በማብረድ በኩል ፍርድ ቤት የማይችለውን ይችላል፤ ሕጉ የሰጠውን ካሣ ግን ብዙ ጊዜ ያሳንሳል።

በወንጀል በኩል መሥመሩ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ጠጥቶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ደግሞ እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ ማውራትን፣ ያለ ቀበቶ መንዳትን፣ ያለ ራስ ቁር ሞተር ሳይክል ላይ መውጣትን ከልክሎ ጥፋት በነጥብ እየተመዘገበ መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድ እንዲደርስ አደረገ። ሁሉም ደህና ነው። ሁሉም ግን የሚያየው መሪ የጨበጠውን ሰው ብቻ ነው። ከጧት እስከ ማታ የባለቤቱን የቀን ገቢ አሟልቶ የተረፈውን ወደ ቤቱ የሚወስድ የሚኒባስ ሹፌር ለምን እንደሚቸኩል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በዝግታ ቢነዳ የሚቀነስለት ቅጣት ሳይሆን የሚቀነስበት እንጀራ ነው። ይህን የገቢ አሠራር የነካ የመንገድ ደህንነት ደንብ ግን አላየሁም።

የተለየ መንገድ የሄዱ አገሮች አሉ። ኔዘርላንድ ለብዙ ሰው የብስክሌት አገር ሆና የተፈጠረች ትመስለዋለች። አይደለችም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ሌላው አውሮፓ ለመኪና ስትል ሰፈር ታፈርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ 3,300 ሰው በመንገድ ላይ ሞተ፤ ከ400 በላዩ ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ልጁን በመኪና ያጣ አንድ ጋዜጠኛ የሕፃናቱ ግድያ ይቁም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ጽሑፉ የንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆች ጎዳና ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ምሳ በሉ፣ መንገድ ዘጉ፣ ፓርላማ ድረስ ሄዱ። የነዳጅ ችግሩ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲመጣ እሑድ ያለ መኪና መዋል እንደሚቻል አገሩ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ የመጣው የምክር ዘመቻ አልነበረም። መንገዱ ራሱ ተቆፈረ፤ ጠበበ፣ ታጠፈ፣ ጉብታ ተደረገበት፣ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ እግረኛው ቅድሚያ እንዲኖረው በሕግ ተደነገገ፣ ፍጥነቱ 30 ኪሎ ሜትር ተባለ።

ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርላማዋ ተሰብስቦ መንገድ ላይ ሊቀበሉት የሚገባው የሞት ቁጥር ዜሮ ነው ብሎ ወሰነ። የዚህ አስተሳሰብ አዲስነቱ ቁጥሩ ላይ አይደለም። ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ልጅ ኳሱን ተከትሎ ይሮጣል፣ ሹፌር ያንቀላፋል፣ የስካር ነገርም አለ። መንገዱን የሠራው መሐንዲስና ያዘዘው መንግሥት ይህን እያወቁ ስሕተቱ ሞት እንዳያስከትል አድርገው መሥራት አለባቸው ይላል አስተሳሰቡ። ጥፋቱ ከሟቹም ከሹፌሩም አልፎ ወደ ቢሮ ገባ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ፊዚክስ ቀላል ነው። የመኪና ፍጥነት ሲያድግ የመምታት ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው፤ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀትም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ ግጭት የመድረስ ዕድሉ በመቶ አራት ይጨምራል፤ በ65 ኪሎ ሜትር የተገጨ እግረኛ በ50 ከተገጨው ይልቅ የመሞት ዕድሉ አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል። በሲንሲናቲ የፈረሙት 42 ሺህ ሰዎች ይህን ስሌት አያውቁትም ነበር። የጠየቁት ግን ትክክለኛውን ነገር ነው።

አዲስ አበባ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱንም ትምህርት፣ መንገድን ለመኪና መሥራትንም ለሰው መመለስንም፣ በራሷ ላይ ሞክራለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቻይና ሥራ ተቋራጭ የተሠራው የቀለበት መንገድ ከተማዋ ያላየችውን ስፋትና ፍጥነት ይዞ መጣ። ለጭነት መኪናው በረከት ነበር። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ለሚኖረው ሰው ግን ሰፈሩን ለሁለት የከፈለ ግንብ ሆነበት። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ማዶ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ማዶ ነው፤ የእግረኛ ድልድዩ ደግሞ ርቆ ነው ያለው። ሰዉ የኮንክሪት አጥሩን ዘሎ መሻገር ጀመረ። ስንቶቻችን ነን መኪና ውስጥ ሆነን «ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» ያልን። ሽማግሌ ነጠላቸውን ሰብስበው በአጥር ላይ ሲንጠለጠሉ ማየት ያስቃል እንኳ ይባል ነበር። ስልጣኔ ያልገባው ባላገር፤ በአሜሪካ የተሠራው ሥዕል እንዳለ እዚህ ደረሰ። ድልድዩ ለምን እዚያ ቦታ ተሠራ፣ ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ መውረድ ምን ማለት ነው የሚለውን የጠየቀ ግን ትንሽ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የቀላል ባቡር መስመርም በብዙ ቦታ ያንኑ ችግር ደገመው።

ሌላው ትምህርት የመጣው ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተመረጡ ጎዳናዎች ለግማሽ ቀን ለመኪና ተዘግተው «መንገድ ለሰው» ተባለ። መጀመሪያ ሰው የመንግሥት ዝግጅት መሰለው፤ ስፖርትና ሙዚቃ ስለነበረበት። ቀን እየቆየ ሲሄድ ግን ልጆች ወላጆቻቸውን እየጎተቱ አስፋልት ላይ ኳስ መጫወት፣ ብስክሌት መማር ጀመሩ። መንገዱ ለሌላም ነገር እንደሚሆን አንድ ትውልድ በገዛ እግሩ አየው። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መሥመሮችም ከቀለበት መንገዱ አስተሳሰብ የራቁ ናቸው፤ በፈረሱት ሰፈሮች ላይ ያለኝ ቅሬታ እንዳለ ሆኖ ይህን መካድ አልችልም። ከዘመኑ አዳዲስ ሥራዎች ሁሉ እግረኛው ሳይሳቀቅ የሚሄድበት ይህ ነው።

ችግሩ አዲስ አበባ ኢትዮጵያ አለመሆኗ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ከ27 ሺህ ይበልጣል፤ በዚያው ዓመት በአገር ውስጥ የተመዘገበው ግን ከ4 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ግምቱ የተጋነነ ነው የሚል ይኖራል፤ ቢጋነንም በሁለቱ መካከል ያለው ገደል አይሞላም። ሰው ከአደጋው ቦታ ተነሥቶ ሆስፒታል ደርሶ ከሳምንት በኋላ ቢሞት፣ ወይም ዘመድ አዝማድ ተሸክሞ ወስዶ በቀዬው ቢቀብረው ማን ይመዘግበዋል? የገጠር መንገድ ሟች ሲሞትም አይቆጠርም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ፣ ከሻሸመኔ ወደ ዲላ፣ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ከተሞቹ የተሰለፉት በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው፤ ከተማ የሚባለው ራሱ መንገዱ ነው። በገበያ ቀን በግ የሚነዳው፣ ጤፍ የተሸከመው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሁሉ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዝ የምለው ካለ ነው፤ ብዙ ቦታ አስፋልቱ ካለቀበት ቦዩ ይጀምራል። የጭነት መኪናው ከቁልቁለቱ ፍጥነቱን ይዞ ይገባል። በመግቢያው ላይ ፍጥነት ቀንስ የሚል ምልክት ይቆም ይሆናል፤ ምልክቱን የሚያከብር መኪና ግን ከኋላው ጥሩንባ ይነፋበታል። እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው የአካባቢው ሰዎች በራሳቸው አፈር ደልድለው፣ አንዳንዴም ከመንገዶች አስተዳደር ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚያበጁት ጉብታ ነው። ሹፌር ይራገማል፤ መኪናዬን ሰበረብኝ ይላል። ሆኖም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የፌዴራል መንገዶች በሚቀየሱበት ጊዜ በከተማ ውስጥ የሚያልፈው ክፍል እንደ ከተማ ጎዳና ተቆጥሮ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ በየመቶ ሜትሩ ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫ እና በሕግ የጸና የ30 ኪሎ ሜትር ጣሪያ ቢኖረው የሚጨምረው ወጪ ከጠቅላላው በጀት አንጻር ትልቅ አይደለም። ለመንገድ ሥራው ብድር የሚሰጡት ድርጅቶችም ዛሬ ይህን ለማካተት ፈቃደኞች ናቸው። የሚጎድለው መንገዱ ከመሠራቱ በፊት የዚያን ከተማ ሴቶችና ተማሪዎች «የት ነው የምትሻገሩት?» ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ ነው። ከተሠራ በኋላ የሚመጣው ትራፊክ ፖሊስ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሥራው አይደለም፤ የተሰጠው ፊሽካና የቅጣት ደብተር ነው።